ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮና የወጣቶች የእጅ ሙያ

የልዩ ልዩ አገር ወጣቶች በእጅ ሙያ የሚወዳደሩበት ዓለም አቀፍ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 በማድሪድ ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎቹም 24 የስፔንና የፖርቱጋል ወጣቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ የወጣት ሠራተኛ እጅ ክብር እንደሚገባው ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በተግባር ያሳየ አንድ ካህን ነበር። እርሱም ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ነው።

ቅዱሱ በ1815 በሰሜን ኢጣልያ፣ በቤኪ መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ማርጋሪታ በችግር አሳደገችው። በተማሪነቱ ዘመን ልብስ በመስፋት፣ በብረት ሥራና በቡና ቤት በማገልገል ስለ ደከመ፣ የተለማማጅን ኑሮ በገዛ እጁ ዐወቀው።

በ1841 ክህነት ተቀብሎ ወደ ቶሪኖ በመጣ ጊዜ ወኅኒ ቤቱ ጠባቂ ባጡ ወጣቶች ተሞልቶ አገኘው። ስለዚህ ከ1851 ጀምሮ ለልጆቹ ከአሠሪዎች ጋር የጽሑፍ ውል ይዋዋል ጀመር። በውሉም አሠሪው ልጁን ከሙያው ውጭ ላያዝዘው፣ በቃል እንጂ በዱላ ላይገሥጸው፣ በበዓል ቀን ሊያሳርፈውና ደመወዙን በየጊዜው ሊጨምርለት ግዴታ ይገባ ነበር። ከ1853 ወዲህም በቫልዶኮ በሚገኘው ቤቱ የጫማና የልብስ ስፌት፣ ቀጥሎም የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የአናጢነት፣ የኅትመትና የብረታ ብረት ክፍሎች ከፈተ።

በ1884 በቶሪኖ በተደረገው ብሔራዊ ኤግዚቢሽን፣ ከአሮጌ ጨርቅ ወረቀት ተሠርቶ፣ ታትሞና ተጠርዞ መጽሐፍ ሲሆን ሕዝቡ በቅዱሱ አዳራሽ ተመለከተ። ዳኞቹ የብር ሜዳልያ ፈረዱለት፤ እርሱ ግን ፍርዱ ለሥራው የሚመጥን ስላልመሰለው በደብዳቤ ተቃወመ፤ ሽልማቱንም አልተቀበለም። ይህን ያደረገው የራሱን ክብር ፈልጎ አይመስለንም፤ የድኻ ልጅ ሥራም በእውነተኛ ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባ ስላመነ ነው እንላለን።

በ1888 ዐረፈ፤ በ1934 ቅድስናው ታወጀ። እርሱ የመሠረተው የሳሌዢያን ማኅበርም በ1975 ወደ መቀሌ መጥቶ ይህንኑ አገልግሎት በአገራችን ጀመረ።

በአገራችን አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። እኛስ በቁምስናችን ያለውን ተለማማጅ እንዴት እናየዋለን? ውል አለውን? በሰንበት ያርፋልን? የቅዱሱን በዓል ጥር 31 ቀን (እ.ኤ.አ.) ስናከብር ይህን ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ።