ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የውል ወረቀት

ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ደራሲውን ነው። ሰውዬው አገራችን በቅኝ ገዢዎች ተከባ በነበረችበት ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የተሸከሙት ሸክም ግን የ«ወዳጄ ልቤ»ን ያህል አይታወቅም። ከዚህም የተነሣ በየክርክራችን ወረቀት አምነው የተታለሉ የዋህ ሰው ሲባሉ እንሰማለን። ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን ሕይወታቸውን ተከትለን እንመርምር።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. ግድም በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው፤ እሳቸው ግን እንጦጦ ራጉኤል ተምረው በጸሐፊነት ሥራ ጀመሩ። ለሹመት ያበቃቸው ጦር ሳይሆን ቀለም ነው።

በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልክተኞች ጋር ወደ ሎንዶን ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. እስከ አሜሪካ ተጓዙ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን ተከትለው አውሮፓን ዞሩ። በዚያው ዓመት መስከረም ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበር።

ይሁን እንጂ ብላቴን ጌታ ተስፋቸውን ሁሉ ዠኔቭ ላይ አልጣሉም። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጃፓን ሄደው ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። በነጭ ሳትገዛ ፋብሪካና መርከብ የሠራች አገር ለእኛ ምሳሌ ትሆናለች ብለው ነበር። በዚያው መስከረም ግን የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። ማኅበሩም ወራሪውን ማስቆም አልቻለም፤ ሙሶሊኒም ይህን ይመለከት ነበር።

ፈተናው በኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ መጣ። በ1920 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተደረገው የወዳጅነት ውል፣ በንግግር ያልተፈታ ጠብ በሽማግሌ ዳኝነት እንዲታይ ተጽፏል። የብላቴን ጌታ መሥሪያ ቤት ከግጭቱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይኸው ዳኝነት ይደረግልን ሲል ጠየቀ። ሮም ግን ይቅርታ ጠይቁ፣ ለባንዲራዬ ሰላምታ ስጡ፣ 200,000 ማርትሬዛ ብር ክፈሉ አለች። ከብዙ ክርክር በኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በነሐሴ መጨረሻ 1927 ዓ.ም. ሁለቱንም ወገን ጥፋተኛ አላደረጉም። ከወር በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

እንግሊዝና ፈረንሳይስ ምን አደረጉ? አስቀድመው ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ይህ እኩልነት ይመስላል፤ ነገር ግን የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ ያለውን አልጎዳም፣ የሌለንን እኛን ግን ባዶ እጃችንን አስቀረን። ጃፓንም በ1929 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ተስማምታ ወረራውን ተቀበለች።

ብላቴን ጌታ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። አገር ቤት የቀረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በፋሽስቶች እጅ ተገደለ። እሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ ዐረፉ። አጽማቸው የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

እንግዲህ እኒህን ሰው የዋህ ልንላቸው ነውን? እኛ አንልም። ውሉን ያፈረሰ ሌላ ነው። እሳቸው በጊዜው ባይጠይቁና ባይጽፉ ኖሮ ጣሊያን ጀማሪዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው ብላ በዓለም ፊት ባሳመነች ነበር። የጎደለን ውሉን የሚያስከብር ጉልበት ነው፤ ያንንም ጃፓን ድረስ ሄደው ፈልገውታል፣ ጊዜ ግን አልሰጣቸውም። በትምህርት ቤት የምንገኝ ሁሉ ይህን ብናስብ ይበጀናል። ከእኛ መካከል ሕግ የሚያጠና አለ፣ ምሕንድስና የሚያጠናም አለ፤ በ1928 ዓ.ም. አገራችን የመጀመሪያው ነበራት፣ ሁለተኛው ግን አልነበራትም።