ኢብኑል ሐይሠም፦ ሹመትን ትቶ እውነትን የፈለገ ሊቅ

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐይሠም በ354 ዓመተ ሂጅራ (965 እ.ኤ.አ.) ገደማ በዒራቅ በስራ ከተማ ተወለደ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የዓባይን ጎርፍ መቆጣጠር ይቻላል ማለቱን የሰማው የግብፅ ገዥ አል-ሓኪም ወደ ካይሮ አስጠራው። ቦታውን ሲያይ ግን እንደማይሆን ተረዳ፤ ቁጣውን ፈርቶም ያበደ መስሎ ቤቱ ተቀመጠ።

ገዥው በ1021 ሲሞት ሹመት አልፈለገም። በአል-አዝሃር መስጂድ አጠገብ ሆኖ የጥንት ሊቃውንትን መጻሕፍት በእጁ እየገለበጠ በመሸጥ ኖረ። የማንም ደሞዝተኛ ስላልነበረ የሚፈራው ጌታ አልነበረውም።

እውነትን መፈለግ ወደ አላህ መቃረቢያ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ታላቁን በጥሊሙስን እንኳ በማስረጃ ተቸ። "ኪታቡል መናዚር" በተሰኘው ባለ 7 ክፍል ሥራውም የምናየው ከዓይን በሚወጣ ጨረር ሳይሆን ወደ ዓይን በሚገባ ብርሃን መሆኑን አስረዳ። በ1040 ገደማ አረፈ። አላህ ይዘንለት።