ማርያ ትሬዛ፦ የጠገራ ብሯ ንግሥት

ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1717 ቪየና ውስጥ ተወለደች። አባቷ ወንድ ወራሽ ስላልነበረው በ1740፣ ገና በ23 ዓመቷ፣ ዙፋኑን ያዘች። ወዲያው የፕሩሲያው ፍሬድሪክ ሲሌዢያን ነጠቃት። 16 ልጆች ወልዳለች። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ የሐዘን ልብስ አላወለቀችም፤ ጠገራው ላይ ሻሽ ያደረገችው ለዚህ ነው።

በ1780 ሞተች። ብሯ ግን ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ፤ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ገበያ ድረስ ዘለቀ። ታዲያ እንደ ዛሬው ሳንቲም መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት በሌለበት እውነተኛውን ማን ይለይ? ገበያተኛው ራሱ ነዋ! የራስ ጌጧንና የትከሻዋን ፈርጥ ነጠብጣብ፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን ፊደሎች ያያል፤ የደበዘዘውን ይመልሳል። ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ያሳተሙትን ብር እንኳ ብዙው ሰው በጥርጣሬ ነው ያየው።

ነገሩ የተወሳሰበው በኋላ ነው። ሙሶሊኒ በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ፤ በ1936 ደግሞ እንግሊዞች ለንደን ላይ ጀመሩ። ነጠብጣቡም፣ 28 ግራም ክብደቱም ልክ ነው። ሐሰተኛ እንበለው? ለእኔ ገበያተኛው አልተታለለም፤ የመረመረው ብሩን እንጂ ያሳተመውን መንግሥት አልነበረም። የዛሬ ሰብሳቢዎች ግን የታተመበትን ከተማ ከንስሩ ላባ ሳይቀር ይለያሉ፤ ዋጋውም በዚያው ይለያያል። እኛ ጋ በ1945 አዲስ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ሄደ፤ ብዙው ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆኗል።