ልጅ ኢያሱ፤ መልሳቸው ሳይሰማ የተፈረደባቸው መሪ

መግቢያ

እንደሚታወቀው አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በአፋምቦ አካባቢ ባሉት ሐይቆች አድርጎ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ያደግኩት እዚያው አፋምቦ ነው። የልጅ ኢያሱን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ታሪክ መማር ሳልጀምር በፊት ነበር፤ ከዙፋን ወርዶ ወደ እኛ በረሃ የገባ የደጋ መሪ እየተባለ ይነሣ ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ግን ባለፈው ሴሚስተር በክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ርዕሱ የመናገር ነፃነት ነበር። አንዱ ስለማንኛውም ሃይማኖት የፈለጉትን መናገር መብት ነው አለ፤ ሌላው ሃይማኖቴ ሲነካ ዝም ብዬ ልይ ወይ ብሎ ተነሣ። ወዲያው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ሁሉም ተኮራርፎ ወጣ። ማንም ማንንም በደንብ ሳያዳምጥ መለያየታችን አስገረመኝ። ታዲያ ሃይማኖት ተነካ ተብሎ በአገራችን አንድ መሪ ከሥልጣን የወረደበትን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሼ ማየት ጀመርኩ። ውድ አንባብያን፣ የልጅ ኢያሱ ሕይወት ከዚህ አንጻር ሲታይ ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለው።

ትውልድና ቤተሰብ

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ግድም ወሎ ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ራስ ሚካኤል ደግሞ የወሎ ገዥ ነበሩ። የፈረስ ስማቸው አባ ጤና ይባላል።

የአባታቸው ታሪክ ለኋላው ጉዳይ ቁልፍ ነው። ራስ ሚካኤል ሲወለዱ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር፣ ሃይማኖታቸውም እስልምና። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ወይ ክርስትና እንዲነሡ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ይህ ማለት ሃይማኖት በዚያ ዘመን የግል እምነት ብቻ አልነበረም፤ የሥልጣን መግቢያ በርም ነበር።

በመሆኑም ልጅ ኢያሱ ያደጉት ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዳሞች በሆኑበት አገር ነው። ወሎን የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አሕመድም ገብረ ሥላሴም ይገኛል፣ ለቅሶውም ሠርጉም የጋራ ነው። ለወሎ ልጅ ተራ ጉርብትና የሆነው ነገር በሌላው ዘንድ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው እንደሚችል ግን ኋላ ላይ ታየ።

ወደ ሥልጣን

አፄ ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው የሚተካቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወጁ። አዋጁን የሚያፈርስ የተረገመ ይሁን የሚል ውግዘት ታከለበት፤ መኳንንቱም ማሉ። ልጅ ኢያሱ ገና ወጣት ስለነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑላቸው። ራስ ተሰማ ግን በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ወራሽ በራሳቸው ፈቃድ መሥራት ጀመሩ። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ቢያርፉም ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ቀሩ። አባታቸው ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ነገሡ።

የልጅ ኢያሱ አስተዳደር ጥሩም መጥፎም ነበረው። ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን የቁራኛ ሥርዓት፣ እንዲሁም መድኃኒት በጠጣ ልጅ ሌባ የሚፈለግበትን ሌባ ሻይ ለማስቀረት ሞክረዋል። ለአዲስ አበባም የፖሊስ ኃይል አቋቁመዋል። በሌላ በኩል ቤተ መንግሥት ተቀምጦ መምከር አይሆንላቸውም ነበር። ለወራት ከዋና ከተማ ይጠፋሉ፤ የአያታቸውን ሽማግሌ ሚኒስትሮች ይንቃሉ እየተባሉም ይታሙ ነበር።

የአፋር ተወላጅ እንደመሆኔ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1906 ዓ.ም. በአዋሽ ዳር በከረዩዎች ላይ ግድያ ተፈጽሞ ልጅ ኢያሱ አጥፊዎቹን ለመቅጣት አፋር ምድር ዘመቱ። አጥፊዎቹን ባያገኙ ጊዜ ያገኙትን አፋር ወጉ። ጥፋተኛውን ሳይለዩ መቅጣት ማለት ይኼ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በራሳቸው ላይ የደረሰው ፍርድም ቢሆን ማጣራት ያልቀደመው ነበር።

ክሱ ምን ነበር?

ልጅ ኢያሱ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ወዳጅነት ፈጠሩ፣ በጋብቻም ተሳሰሩ። ሐረርና ድሬዳዋ፣ ሶማሌና አፋር አገር ብዙ ይቀመጡ ነበር። በዚህ መካከል የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን የከበቡ ቅኝ ገዥዎች ነበሩ፤ ልጅ ኢያሱ ደግሞ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበሉ። ይህም ለ3ቱ መንግሥታት ትልቅ ሥጋት ሆነ። የሸዋ መኳንንትም በበኩላቸው ሥልጣን ወደ ወሎ እየሄደ ነው ብለው ሠግተዋል። በ1908 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ከሐረር ግዛታቸው ተነሥተው ከፋ ሲሰጣቸው ነገሩ ከረረ።

ነገር ግን ለሕዝብ የቀረበው ክስ ስለ ግዛትና ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ሃይማኖት ነበር። ልጅ ኢያሱ ብዙ ሚስት አገቡ፣ ሙስሊም ያረደውን ሥጋ በሉ፣ መስጊድ ሠሩ፣ የሶማሌ ልብስ ለብሰው ጠመጠሙ፣ መቁጠሪያ ያዙ፣ የእስልምና ቃል ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ለቱርክ ቆንስል ላኩ፤ ስለዚህ ሰልመዋል ተባለ። ጥምጣም አድርገው የሚታዩበት ፎቶግራፍም እጅ በእጅ ተሰራጨ። ከእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ሆን ተብሎ የተቀነባበረ እንደሆነ አሁንም ድረስ ያከራክራል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከክሶቹ አብዛኞቹ የሚታዩ ነገሮች እንጂ የተነገሩ ቃላት አይደሉም። ልብስ ነው፣ ማዕድ ነው፣ ጨርቅ ነው። ልጅ ኢያሱ ክርስትናን ትቻለሁ ብለው በአደባባይ ስለመናገራቸው ሁሉም የታሪክ ጸሐፊዎች የሚቀበሉት ማስረጃ የለም። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ለሕዝቡ ያስረዱበት አዋጅም የለም። እሳቸው አልተናገሩም፣ ሌሎች ግን የእሳቸውን ጥምጣም ተረጎሙላቸው።

ይህ ሲባል የሕዝቡ ቅሬታ በሙሉ ተንኮል ነበር ማለት አይደለም። የሥጋ ነገር እኮ ዛሬም ቀላል አይደለም፤ ድግስ ቤት ገብተን የክርስቲያን ነው የሙስሊም ብለን እንጠይቃለን። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ነው ብሎ ለሚያምን የዚያ ዘመን ምእመን፣ ወሬው እውነት ከመሰለው፣ መሐላው የፈረሰበት ያህል ነበር። የመኳንንቱ ሥሌት ሌላ፣ የምእመኑ ኀዘን ሌላ ሆኖ ሳለ ሁለቱ በአንድ ቃል ተጠቀለሉ።

የመስቀል ቀን

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ አመነቱ፤ ለኢያሱ የገባውን መሐላ መፍታት ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ግን ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ልጅ ኢያሱ ተሻሩ፤ የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ተከሳሹ በዚያ ቀን ሐረር ነበሩ። መጥተው መልስ እንዲሰጡ ቀን አልተቆረጠላቸውም። የሚከራከርላቸው ወገንም ቢኖር መናገሪያ ቦታ አልነበረውም። አገሪቱ ነፃ ጋዜጣ አልነበራትም፤ ዜና የሚሄደው በአዋጅ ነጋሪና በገበያ ወሬ ነው። አዋጁ ከአንድ ወገን ከመጣ ወሬውም ያንኑ ይዞ ይሄዳል።

ውጤቱ ደም ሆነ። ልጅ ኢያሱ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሞክረው ሚኤሶ ላይ ተሸነፉ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ዘመቱና ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሚመራው የሸዋ ጦር ጋር ተዋጉ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ሳይፈቱም በእስር ሞቱ። ከሁለቱም ወገን የወደቀው ገበሬ ግን ኢያሱ ጸሎታቸውን የት እንደሚያደርሱ በዓይኑ ያየ አልነበረም።

የበረሃ ዓመታት

ልጅ ኢያሱ ከሽንፈቱ በኋላ አፋር በረሃ ገቡ። በ1909 ዓ.ም. ወደ ወሎ ወጥተው መቅደላ ላይ ተከበቡ፤ ከዚያም አምልጠው እንደገና ወደ በረሃው ተመለሱ። ከ2 ዓመት በፊት የወጉት ሕዝብ አገር መጠጊያ ሆናቸው። በዚህ ሁኔታ እስከ 1913 ዓ.ም. ቆዩ።

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ ላንሣ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። የሰማህው ከማን ነው፣ አንተ ራስህ አይተሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ታማኝነቱን ያጣል። ይህ ባህል ያለ ጋዜጣና ያለ ስልክ ዜና እንዳይበላሽ ይጠብቅ ነበር። እኔ ሳስበው በመስቀል ቀን አዲስ አበባ ላይ የጎደለው ይህ ጥያቄ ነው። ማን አየ? ባለቤቱስ ምን ይላል?

እስርና ሞት

በጥር 1913 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ትግራይ ውስጥ ተያዙ። ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጥተው ሰላሌ ፍቼ ላይ 11 ዓመት ያህል ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. ቢያመልጡም ብዙ ሳይቆዩ ተያዙና ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። በዚህ ጊዜ ተፈሪ መኰንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነግሠዋል። ጣሊያን አገሪቱን በወረረችበት ወቅት፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ ሞት ተሰማ። አሟሟታቸው ብዙ አነጋግሯል፤ መቃብራቸውም በይፋ አይታወቅም። ስለ ዘመናቸው የተጻፈው አብዛኛው ነገር በአሸናፊዎቹ ዘመን የተጻፈ ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ጉዳዩን እንደገና ማየት ጀምረዋል፤ የእሳቸው የራሳቸው መልስ ግን ጠፍቶ ቀርቷል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ልጅ ኢያሱ ንጹሕ ነበሩ ብዬ ለመደምደም አልፈልግም። የአፋሩ ዘመቻ ብቻ እንኳ ይህን ያስከለክላል። ሰልመው ነበር ወይስ አልሰለሙም የሚለውንም ለመፍታት አልሞከርኩም። እንዲያውም ዋናው ነገር ይህ አይመስለኝም። ሰልመው ቢሆንስ ኖሮ? በዚያ ዘመን ሕግ ዙፋን ያሳጣል። ዛሬ ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሰጥቷል። የወንጀል ሕጉ በበኩሉ የሌላውን ሃይማኖት ሆን ብሎ ማዋረድን ይከለክላል። ሁለቱ አብረው የሚሄዱት አንድ ነገር ሲኖር ነው፤ ተነካሁ የሚለውም ነካህ የተባለውም እኩል ሲደመጡ።

ተነካሁ ማለት መብት ነው። የተነካ ሰው ስሜቱን አፍኖ ይኑር አይባልም። ስሜቱ ግን ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. ክሱ በተነበበበት ሰዓት ፍርዱ አለቀ፤ በ30 ቀን ውስጥ ሰገሌ ላይ ሬሳ ተከመረ። እኛም በአቅማችን፣ በዚያች ክፍል ውስጥ፣ የጓደኛችንን ሐረግ ሳያልቅ ቀምተን ተረጎምንለት። ምን ሊል እንደነበረ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም። እኔ በበኩሌ ይህን ጽሑፍ ከጨረስኩ በኋላ ሄጄ ልጠይቀው ወስኛለሁ።