ሐዲስ ዓለማየሁ፦ የፍቅር ታሪክን ከገበሬው ግብር ጋር ያስተሳሰሩ ደራሲ

በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» በብዙ ሰው የተነበበ፣ ያላነበበውም በጆሮው የሰማው መጽሐፍ ማግኘት ያዳግታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይተርካል። ፍቅራቸው ከግቡ እንዳይደርስ ያደረገው ግን የሁለቱ ልብ አለመስማማት ሳይሆን የዘመኑ የመሬትና የማዕረግ ሥርዓት ነበር። መጽሐፉ በከተማም በገጠርም እኩል የተወደደበት ምክንያት የሚገኘው በዚህ፣ እንዲሁም በደራሲው የሕይወት ጉዞ ውስጥ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በምትገኘው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን አባት ተወለዱ። እንደ ዘመናቸው ልጆች ትምህርትን የጀመሩት በቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ዜማና ቅኔ ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ሲማር የገበሬውን ጓዳ ሙላትና ጉድለት ከማንም በላይ ያያል። ኋላ በመጽሐፋቸው ውስጥ የገበሬውን ቤት፣ ድግሱንና ችግሩን እንደዚያ አጉልተው ማሳየት የቻሉት ከዚህ ሕይወት በቀሰሙት ዕውቀት ነው።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ፤ ወደ ጎጃም ተመልሰውም በመምህርነት አገለገሉ።

ከጦር ሜዳ ወደ ግዞት

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረ ጊዜ ወጣቱ መምህር ከልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ሠራዊቱ ከማፈግፈግ በኋላ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ አቅንቶ ትግሉን ቀጠለ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ራስ እምሩ እጃቸውን ሲሰጡ ሐዲስም አብረው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች በግዞት ቆዩ። ነፃ የወጡት የተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦር ደቡብ ኢጣሊያን በያዘ ጊዜ ሲሆን፣ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1936 ዓ.ም. ነው። ይህንን የስደትና የመከራ ዘመን ከረጅም ዓመታት በኋላ «ትዝታ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ተርከውታል።

ከነፃነት በኋላ የሥራ ዘመናቸው አብዛኛው ያለፈው በዲፕሎማሲ ነው። በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ተወካይ፣ በለንደን አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል። በአገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትርና የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። በዚህ መካከል ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘውን መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ። ታላቁን ልብ ወለድ ያቀረቡት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው።

ፍቅርና ግብር በአንድ መጽሐፍ

የመጽሐፉ ታሪክ ከማንኩሳ ይነሣል። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የድኻ ልጅ ነው። በቅኔ ዕውቀቱ ታውቆ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይታዘዛል። ፊታውራሪው በዘራቸው የሚኮሩ ባላባት በመሆናቸው ለልጃቸው የሚመጥን ባል አጥተው ከቤት አስቀምጠዋታል። በመምህሩና በተማሪዋ መካከል የበቀለው ፍቅር እንግዲህ ሁለት ግንብ ከፊቱ ቆመበት፤ አንዱ ስለት፣ ሁለተኛው የዘር ሐረግ።

የገጠሩን አንባቢ ይበልጥ የሚነካው ግን ከፍቅሩ ጎን ለጎን የሚሄደው የባላገሮቹ ታሪክ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ግዛት የሚኖሩ ገበሬዎች ከአቅማቸው በላይ የሚጠየቁት ግብርና መታያ መርሯቸው እንቢ ይላሉ። ፊታውራሪው ሊቀጧቸው ጦር ይዘው ሲወጡ በአበጀ በለው የሚመሩት ባላገሮች ይማርኳቸዋል። ከፊታውራሪው ቤተ ዘመድ መካከል የሆነው ጉዱ ካሳም ሥርዓቱ እንደማይዘልቅ ደጋግሞ ይናገራል፤ ሰሚ በማጣቱም እንደ እብድ ይቆጠራል። ደራሲው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነው ሳለ የገበሬውን እሮሮ በዚህ ግልጽነት ማቅረባቸው ቀላል ድፍረት አልነበረም።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውመው በእውን ተነሡ። ግብሩ ርስታችንን ለማስለካትና ለማስነጠቅ የመጣ ነው የሚል ሥጋት በየቀበሌው ተሰማ። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም አመፁ በቀላሉ አልበረደም፤ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። አመፁን መጽሐፉ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ደራሲው የገበሬውን ብሶት ከማንም ቀድመው ማየታቸውን ግን ያመለክታል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ የባላባቱ ሥርዓት አከተመ።

በራዲዮ የገባው ድምፅ

ማንበብ የማይችለው ገበሬ መጽሐፉን ያወቀው በራዲዮ ነው። በደርግ ዘመን ዕውቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው የኢትዮጵያ ራዲዮ ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በተከታታይ ተረከው። የፊታውራሪውን ቍጣ፣ የጉዱ ካሳን ምፀት፣ የሰብለን ለስላሳ ድምፅ በአንድ አንደበት ለይቶ አሰማ። በዚያ ዘመን ራዲዮ በየቤቱ አልነበረምና አንዱ ባለራዲዮ ጋር ጎረቤት እየተሰበሰበ ማዳመጥ የተለመደ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው አድማጭ ሁሉ ስለ ግብርና ስለ ባላባት የሚተረከውን ከገዛ ሕይወቱ ጋር እያስተያየ አደመጠው።

ሐዲስ ከአብዮቱ በኋላ ከሥልጣን ርቀው በጽሑፍ ጸኑ። «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልምዣት»ን በ1980 ዓ.ም. ለአንባቢ አበረከቱ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ልጅ አልወለዱም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ አስከሬናቸው በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል አራት ኪሎ ለሚወርድ መንገደኛ ስፍራው ሩቅ አይደለም።

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋም በስማቸው ይጠራል። ባላባቱና ማዕረጉ ቀርተዋል፤ ገበሬው በሚያርሰው መሬትና በሚከፍለው ግብር ላይ ምን ያህል ይደመጣል የሚለው ጥያቄ ግን በየቀበሌው ስብሰባ አሁንም ይነሣል። ጥያቄውን ከፍቅር ታሪክ ጋር አዋድደው ለትውልድ ያቆዩት የእንዶዳሙ የካህን ልጅ ናቸው።