ጆን ኮልትሬን ሄሮይንን እንዴት ተወ? ከዚያስ ምን ሆነ?

ሄሮይን የሚለው ስም ለመካነ ሰላም፣ ለአጅባር ወይም ለከላላ ሰው ሩቅ ነው። እኛ ዘንድ ሱስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አረቄው፣ ጫቱና ሲጋራው ነው። ግን የሄሮይን የቅርብ ዘመዶች እዚሁ አገራችን በየሆስፒታሉና በየመድኃኒት ቤቱ አሉ፤ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶል። ለከባድ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጡ ሰውን ያሳርፋሉ። ያለ ትእዛዝ ሲለመዱ ግን የሚወስዱት መንገድ ያው የሄሮይን መንገድ ነው። ይሄን መንገድ ሄዶ የተመለሰ፣ ሒሳቡን ግን ዘግይቶም ቢሆን የከፈለ አንድ ሰው ነበር። ጃዝ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሳክስፎን ነፊው ጆን ኮልትሬን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኮልትሬን በ1926 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት ተወለደ። ሁለቱም አያቶቹ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተክርስቲያን ሰባኪዎች ነበሩ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወት ነበር። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው ግን ቤቱ ፈረሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ አባቱ፣ አያቶቹና አክስቱ ተከታትለው ሞቱ። እናቱ በሰው ቤት ተቀጥረው እየሠሩ አሳደጉት። ኋላ ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ሄዱ፤ የመጀመሪያ ሳክስፎኑንም የገዙለት እሳቸው ናቸው። 17 ዓመት የሞላው ጊዜ ነበር።

ባሕር ኃይል ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ሃዋይ አገለገለ። ሲመለስ ሥራው ሁሉ ሙዚቃ ሆነ፤ በ1949 ትልቅ ስም ከነበረው ከዲዚ ጊሌስፒ ባንድ ጋር ተቀላቀለ። በዚያን ጊዜ የጃዝ ወጣቶች ሁሉ የሚያመልኩት አንድ ሰው ነበር፤ ቻርሊ ፓርከር። ፓርከር ሄሮይን ይወስዳል። ወጣቶቹም የአጨዋወቱ ምሥጢር መርፌው ውስጥ ያለ መሰላቸው። ፓርከር ራሱ ተዉ ቢላቸውም የሰማው ጥቂት ነው። እሱም በ1955 በ34 ዓመቱ ሞተ። ኮልትሬን መርፌውን የጀመረው በዚያው በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጣፋጭ ነገር ነፍሱ ነበር፤ ጥርሱ ተበላሽቶ ዕድሜ ልኩን አሠቃይቶታል። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው የጥርስ ሕመም ሲይዘው ምን እንደሚሆን ገምቱት። አረቄውም ሄሮይኑም ያንን ሕመም ያደነዝዙለት ነበር የሚሉ አሉ።

ሄሮይን የሚሠራው ከሞርፊን ነው፤ ሞርፊን ደግሞ ከፖፒ ተክል። ባየር የተባለው የጀርመን መድኃኒት ፋብሪካ በ1898 ለገበያ ያወጣው የሳል መድኃኒት ብሎ ነው! አእምሯችን በተፈጥሮው የራሱን ማስታገሻ ይሠራል። ሄሮይን የዚያን ማስታገሻ ቦታ ይይዛል፤ ሕመሙም ሐሳቡም ላፍታ ጥፍት ይላል። ነገር ግን አእምሮ ይለምዳል፤ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው የሚወስደው ለደስታ መሆኑ ይቀርና ላለመታመም ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ ያልገባው ይሄ ነው። ልጁ እየተዝናና ይመስላቸዋል።

መጠኑ ከፍ ሲል ትንፋሽን ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም ተኝቶ ትንፋሹ ቀስ በቀስ ቆሞ ነው። መርፌ መጋራት ደግሞ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረሶችን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። ይቺን የጉበት ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኮልትሬን በሱሱ ምክንያት ሥራ ያጣው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከአንዱ ባንድ ይባረራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ እዚያም መድረክ ላይ እያንቀላፋ ይታያል። በ1955 ማይልስ ዴቪስ ወሰደው። በዚያው ዓመት ናይማ የምትባል ሴት አገባ፤ ናይማ ሙስሊም ናት፣ ሴት ልጅም ይዛ ነው የመጣችው። የሰባኪ የልጅ ልጅና ሙስሊም ሚስት በአንድ ጣራ ሥር። ለወሎ ሰው ይሄ ምኑም አይደንቅም፤ ለዚያን ጊዜው አሜሪካ ግን የተለመደ አልነበረም።

ማይልስ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቱ እርሻ ላይ ክፍል ዘግቶ ከሄሮይን የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩን ያውቀዋል፣ ትዕግሥቱ ግን አለቀ። በ1957 የጸደይ ወራት ኮልትሬንን አባረረው። 30 ዓመቱ ነበር። ኮልትሬን ወደ ፊላደልፊያ፣ እናቱ ወዳሉበት ቤት ተመለሰ። መጠጡንም ሄሮይኑንም ሊተው መቁረጡን ለእናቱና ለናይማ ነገራቸው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ክፍሉ ገብቶ ተኛ፤ ለቀናት ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰም። እነሱ ከበር ውጭ ነበሩ። ውኃ ያቀብላሉ፣ ያዳምጣሉ።

በዚያ ክፍል የሆነውን በሌሎች ሕሙማን ላይ ከሚታየው መገመት ይቻላል። ከመጨረሻው መርፌ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ማዛጋት፣ የዓይንና የአፍንጫ ውኃ፣ ላብና ብርድ ይጀምራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ አጥንት የሚሰብር ሕመም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። ሳምንት ገደማ ሲሆን ሰውነት ይረጋጋል። ምኞቱ ግን አብሮ አይወጣም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል።

ኮልትሬን ተርፏል። ግን ይሄን ታሪክ ሰምቶ ልጁን ክፍል ሊዘጋበት የሚነሳ ቤተሰብ ካለ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ ኮልትሬን ከሄሮይኑ ጋር መጠጡንም በአንድ ቀን ነው የተወው። የሄሮይን መተው ከባድ ሥቃይ ነው፤ ያም ቢሆን ለሞት የሚያደርስ የከባድ መጠጥ ሱስን በድንገት መተው ይብሳል። መንቀጥቀጥ፣ እንደ ሚጥል በሽታ መንፈራገጥ፣ መቃዠት ያመጣል። ዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሐኪም አጠገቡ ቢኖር የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስፈራ ነው። ከሄሮይን ወይም ከሞርፊን ለሳምንታት የራቀ ሰውነት ልማዱን ያጣል። ሰውየው ተመልሶ የድሮውን መጠን አንድ ጊዜ ቢወስድ ያ አንድ ጊዜ ሊገድለው ይችላል። ጸበል ቤትም ይሁን እስር ቤት ከርሞ የሚመለስ ሰው አደጋው የሚበረታው በተመለሰ ሰሞን ነው፤ ቤተሰብ ዳነ ብሎ ዘና በሚልበት ጊዜ። ጸሎቱም ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልም፤ መድኃኒቱ ከእነሱ ጋር አይጣላም።

በ1957 እኮ ኮልትሬን የሚሄድበት ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። ኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን ውስጥ መንግሥት በ1935 የከፈተው፣ ግማሹ እስር ቤት ግማሹ ሆስፒታል የሆነ ተቋም ነበር። ጓደኛው ሳክስፎን ነፊው ሶኒ ሮሊንስ በ1955 እዚያ ገብቶ ሱሱን ትቷል፤ ብዙዎች ግን ወጥተው ተመልሰዋል። በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች፣ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር፣ ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ በአፍ መስጠት ጀመሩ። መድኃኒቱ ሥቃዩንና ምኞቱን ያበርዳል፤ ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ቆይቶ ቡፕረኖርፊን መጣ። ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልስ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒትም አለ። ዛሬ ሐኪሞች ሱስን የሚያዩት ተመላላሽ እንደሆነ የቆየ ሕመም ነው፤ እንደ ደም ግፊት፣ እንደ ስኳር። አንድ ጊዜ ማገርሸቱ ሕክምናው ከሸፈ አያሰኝም። በአገራችን ከዚህ ሕክምና ጋር ስሙ የሚነሳው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከቦረናና ከሳይንት ለሚነሳ ሰው የአእምሮ ሕክምና ደሴ ሆስፒታልም ይገኛል። መነሻው ግን እዚያው ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ምን እንደሚወስድ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ሳይደብቁ መናገር ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከክፍሉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ኒውዮርክ ውስጥ ፋይቭ ስፖት በተባለ ክበብ ከፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎንየስ መንክ ጋር በየማታው ይጫወት ነበር። በመስከረም ብሉ ትሬይን የተባለውን አልበሙን ቀዳ። ማይልስም መልሶ ወሰደው፤ በ1959 በዓለም እጅግ ከተሸጡ የጃዝ አልበሞች አንዱ የሆነውን ካይንድ ኦፍ ብሉን አብረው ሠሩ። በዚያው ዓመት ኮልትሬን ለሚስቱ ናይማ የሚል ዜማ ሠራላት፤ ለልጇም አንድ፣ ለአክስቱ ልጅ ለሜሪም አንድ።

በዲሴምበር 1964 ኤ ላቭ ሱፕሪም የተባለውን ቀዳ። አልበሙ ላይ በጻፈው ማስታወሻ በ1957 በእግዚአብሔር ቸርነት መንፈሳዊ መንቃት እንዳገኘና ሥራው ምስጋና እንደሆነ ገልጿል። የመጨረሻው ክፍል ላይ ራሱ የጻፈውን ጸሎት በሳክስፎን ያነባል፤ ቃል በቃል፣ አንደበት ሳይከፍት። ለእኛ ይሄ እንግዳ አይደለም። ጎበዝ አዝማሪ አፉን ዘግቶ ማሲንቆውን ስም ሲያስጠራ የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ጉበቷ። ኮልትሬን ሐምሌ ላይ፣ ጁላይ 17 ቀን 1967፣ በጉበት ካንሰር ሞተ። 40 ዓመቱ ነበር፤ ሄሮይንን ከተወ 10 ዓመት ሞልቶታል። በመርፌው ዘመን የገባ የጉበት ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም ብለው የሚጠረጥሩ የታሪኩ ጸሐፊዎች አሉ። ያኔ የሚመረምረው አልነበረም፤ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1989 ነው። ቫይረሱ ዝም ብሎ ዓመታት ይቀመጣል፣ አያሳምምም፣ ጉበትን ግን ይበላል። ዛሬ በደም ምርመራ ይታያል፤ ለአብዛኛው ሰው በ12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት መርፌ የተጋራ ሰው፣ ዛሬ ደህና ቢሆንም፣ ጉበቱን ቢያስመረምር ከንቱ አይደክምም።

የፊላደልፊያው ቤት እስከ ዛሬ አለ። ሦስት ፎቅ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የጡብ ቤት ነው። በ1999 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። እሱ ወደ ኒውዮርክ ከሄደ በኋላም እዚያ ለረጅም ዓመታት የኖረችው ያቺ ዜማ የሠራላት የአክስቱ ልጅ ሜሪ ነበረች።