ሰር ሐምፍሪ ዴቪና የመርከቦቹ መዳብ

በአርባ ምንጭ ከተማ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው የጣራ ቆርቆሮ ሲገዛ አስቀድሞ የሚመለከተው ንጣቱንና ውፍረቱን ነው። በቆርቆሮው ላይ የሚያብረቀርቀው ስስ ልባስ ዚንክ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለውን ብረት ከቆላው ሙቀትና ከዝናቡ ወራት እርጥበት የሚጠብቀው ይኸው ልባስ ነው። ጥበቃውም ብረቱን እንደ ጃንጥላ ከመጋረድ ያለፈ ነው። መቀስ ያለፈበት ጠርዝ ወይም ምስማር የበሳው ቀዳዳ ብረቱን ገልጦ ቢተወውም፣ በዙሪያው ያለው ዚንክ በብረቱ ፈንታ እየተበላ የተገለጠውን ስፍራ ለብዙ ጊዜ ከዝገት ያድነዋል። ዚንክ በለበሱ የውኃ ቧንቧዎችም ላይ የሚሠራው ይኸው ሥርዓት ነው። አንዱ ማዕድን በሌላው ፈንታ እንዲበላ የማድረግን ዘዴ በመጀመሪያ በምርምር ያረጋገጠውና በታላቅ መጠን የሞከረው እንግሊዛዊው ሊቅ ሰር ሐምፍሪ ዴቪ ነበር። ዴቪ በማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖሱና ባገኛቸው ንጥረ ነገሮች የታወቀ ሲሆን፣ ይህ ሥራው ግን እምብዛም አይነገርለትም። ምክንያቱም በዘመኑ ከስኬት ይልቅ እንደ ውድቀት ስለ ተቈጠረ ነው።

ዴቪ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኮርንዎል በተባለው ግዛት፣ ፔንዛንስ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1778 ነው (ዓመታቱ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ኮርንዎል ከጥንት ጀምሮ መዳብና ቆርቆሮ ከከርሠ ምድር የሚወጣበት አገር ነው። እዚህ ላይ በአማርኛችን ቆርቆሮ የሚለው ቃል ማዕድኑንም የጣራውን ሉህም የሚጠራ መሆኑ አንድ አሳሳች ነገር ያመጣል። የጣራው ልባስ ቆርቆሮ የተባለው ማዕድን ሳይሆን ዚንክ ነውና። ልዩነቱም የስም ብቻ አይደለም። በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ የምግብ ጣሳ ውጩ ከተጫረና እርጥበት ካገኘው፣ የተገለጠው ብረት ጭራሽ ልባስ ከሌለው ብረት ይልቅ ፈጥኖ ይዝጋል። ዚንክ የለበሰው ግን ይድናል። የዚህን ምሥጢር በር ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ዴቪ ነው።

አባቱ እንጨት ጠርቦ ጌጥ የሚያወጣ ባለሙያ ነበር። በ1794 ሲሞት ለሚስቱና ለአምስት ልጆቹ የተወላቸው ዕዳ ነበር። የበኵር ልጅ የሆነው ዴቪ በማግሥቱ ዓመት ከአንድ ቀዶ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ኬሚስትሪን የተማረው በመምህር እጅ ሳይሆን በመድኃኒት ቤቱ ብልቃጦችና ባገኛቸው ጥቂት መጻሕፍት ነው። በዚሁ ዘመን ሄይል በተባለው የኮርንዎል ወደብ አንድ ነገር ተመለከተ። በወደቡ የውኃ መዝጊያ በሮች ላይ ብረትና መዳብ ተነካክተው በጨው ውኃ ውስጥ በሚቆዩበት ስፍራ ብረቱ ከሚጠበቀው በላይ ፈጥኖ ይበላ ነበር። ለምን እንደሆነ በዚያን ጊዜ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። ወጣቱም ነገሩን በልቡ ይዞት ቆየ።

በ1798 ወደ ብሪስቶል ሄዶ ጋዞችን ለሕክምና ለማዋል ይሞክር በነበረ ተቋም ተቀጠረ። በዚያም የሚያስቀውን ጋዝ፣ ማለት ናይትረስ ኦክሳይድን፣ በገዛ ሰውነቱ ላይ ሳይቀር መረመረ። በ1800 ኢጣሊያዊው ቮልታ ባትሪውን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ዴቪ ያለ አንዳች መዘግየት ወደዚሁ ፊቱን አዞረ። በ1801 የሎንዶኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ጠራው። የሚያቀርባቸውን ንግግሮች ለመስማት የከተማይቱ መኳንንትና ወይዛዝርት ይጋፉ ነበር። በ1806 ኬሚካዊ መሳሳብና የኤሌክትሪክ ኃይል ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ መሆናቸውን የሚያስረዳ ጥናት አቀረበ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጦርነት ላይ ሳሉም የፈረንሳይ አካዳሚ ሸለመው። በ1807 በባትሪ ኃይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን፣ በ1808 ደግሞ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ስትሮንሺየምንና ባሪየምን ለይቶ አወጣ። በ1812 የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው።

በ1813 ማይክል ፋራዴይን ረዳቱ አድርጎ ቀጠረ። ፋራዴይ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ከመሬትና ከጋብቻ ተገልሎ ለረጅም ዘመን እንደኖረ፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል የቀጥቃጭ ልጅ መባል ስድብ እንደነበረ የሚያውቅ አንባቢ፣ በእንግሊዝ አገር ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነበር ብሎ ማሰብ አይገባውም። ሁለቱ በኤውሮጳ በተዘዋወሩባቸው ዓመታት ፋራዴይ ከምርምር ረዳትነት ሌላ የአሽከር ሥራ እንዲሠራ ተገዶ ነበር፤ የዴቪም ባለቤት ከገበታ ታርቀው ነበር። ዴቪ ራሱ የጠራቢ ልጅ ሆኖ ሳለ በ1824 ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዳይሆን መቃወሙ በታሪኩ ላይ የቀረ ጠባሳ ነው።

በ1812 ፌሊንግ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ የተነሣ ፍንዳታ 92 ሰዎችን ገደለ። በ1815 መፍትሔ እንዲፈልግ የተጠየቀው ዴቪ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበልባሉን በጥሩ የብረት ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ። ወንፊቱ የነበልባሉን ሙቀት ስለሚበትነው ከውጭ ያለውን ጋዝ አያቀጣጥለውም። ለዚህ ፈጠራ የባለቤትነት መብት አላወጣበትም። ሆኖም ወንፊቱ በማዕድኑ እርጥበት ሲዝግ ይቀደድ ነበር፤ የተቀደደ ወንፊት ደግሞ ከተራ ፋኖስ አይሻልም። በፋኖሱ የተማመኑ ባለማዕድኖችም ሠራተኞቻቸውን ቀድሞ ወደማይደፈሩ ጋዝ የሞላባቸው ጉድጓዶች ላኩ።

በ1820 ዴቪ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት የመርከቦቹን መዳብ ጉዳይ ለማኅበሩ አቀረበ።

በዚያን ዘመን የእንጨት መርከብ ሁለት ጠላት ነበረው። አንደኛው እንጨቱን እየቦረቦረ የሚበላው የባሕር ትል ነው። ሁለተኛው በመርከቡ ሆድ ላይ እየተጣበቀ ፍጥነቱን የሚገድለው የባሕር አረምና ዛጎል ለባሽ ተውሳክ ነው። ለሁለቱም መድኃኒት ተብሎ ከ1761 ጀምሮ፣ አላርም በተባለች መርከብ ላይ፣ የመርከቡን ሆድ በስስ የመዳብ ሉህ መልበጥ ተሞከረ። መዳቡ ሠራ። ነገር ግን መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ተበልተው ተገኙ። የዳኑት በመዳቡና በምስማሩ መካከል ቡናማ ወረቀት የቀረባቸው ብቻ ነበሩ። ያ ተራ ወረቀት ሁለቱን ማዕድናት እንዳይነካኩ ለይቷቸው ነበርና፣ ሄይል ወደብ ለታየው ነገር መልሱ ከዚያው አጠገብ ነበር። ከዚያ በኋላ ምስማሩ ወደ መዳብ ቅይጥ ተለወጠ። መዳቡ ግን ራሱ በጨው ውኃ ቀስ በቀስ እየሟሟ ያልቅ ነበር፤ ለግዙፉ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይህ የማያቋርጥ ወጪ ነበር።

ዴቪ ጉዳዩን ከ1806ቱ ሐሳቡ ተነሥቶ መረመረው። መዳብ ከባሕር ውኃ ጋር የሚዋሐደው በኤሌክትሪክ ረገድ ካለው ጠባይ የተነሣ ከሆነ፣ ጠባዩን በጥቂቱ ወደ ነጌቲቭ ቢለውጡት ውሕደቱ መቆም አለበት። ለዚህም ትልቅ ባትሪ አያስፈልግም። ከመዳቡ ይልቅ በቀላሉ የሚበላ ማዕድን፣ ዚንክ ወይም ብረት፣ ከመዳቡ ጋር አነካክቶ ባሕሩን ራሱን የባትሪው ፈሳሽ ማድረግ ይበቃል። ሙከራው ግሩም ውጤት ሰጠ። የአተር ፍሬ የምታክል ዚንክ ከ250 እስከ 320 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚሆን መዳብ ከመበላት አዳነች። የመከላከያው ስፋት ከመዳቡ ስፋት ከ40 አንድ እስከ 150 አንድ እጅ ሲሆን መዳቡ ምንም ክብደት አላጣም። ጥናቱ በጃንዋሪ 1824 በማኅበሩ ፊት ተነበበ። ከዚያም በፖርትስመዝና በቻተም ወደቦች ሉሆች እየተሰቀሉ ተፈተኑ፤ በፖርትስመዝ ብዙውን ድካም የተሸከመው ፋራዴይ ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ዴቪ ኮሜት በተባለች በእንፋሎት በምትሄድ የባሕር ኃይል መርከብ እስከ ሰሜን ባሕር ድረስ ሄዶ መከላከያውን በጉዞ ላይ ሞከረ። በዋጋው ርካሽነት የተመረጠው ከቀለጠ በኋላ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነበር። መሥሪያ ቤቱም ሳይዘገይ በመርከቦቹ ላይ እንዲገጠም አዘዘ።

መከላከያውን የታጠቁት መርከቦች ወደ ወደብ ሲመለሱ መዳባቸው በእርግጥ አልተበላም። ይሁን እንጂ በመዳቡ ላይ የባሕር አረምና ዛጎል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ተገኘ፤ መርከቦቹም ፍጥነታቸው ተጐድቶ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። ከመዳቡ ላይ ዘወትር በጥቂት በጥቂቱ የሚሟሟው ማዕድን ለተውሳኮቹ መርዝ ነበር። መበላቱ ሲቆም መርዙም ቆመ። በዚያ ላይ የተጠበቀ መዳብ ከባሕሩ ውኃ የኖራና የማግኒዚያ ዝቃጭ ስለሚሰበስብ ለተውሳኮቹ ምቹ መቀመጫ ሆነ። ዴቪ ራሱ ይህን ምልክት በሙከራዎቹ ላይ አይቶት የመከላከያውን መጠን በመቀነስ ሊያስታርቀው ደክሟል። መዳቡ ተውሳክ ለመግደል በሚበቃ መጠን ብቻ እንዲሟሟ፣ ከዚያ እንዳያልፍ ማድረግ ነበር ሐሳቡ። በየባሕሩ ሙቀቱና ጨዋማነቱ በሚለዋወጥበት ሁኔታ ግን ይህ ሚዛን የሚያዝ አልነበረም።

ስሕተቱ በኬሚስትሪው ላይ አልነበረም። በሙከራው ላይ የተለካው የመዳቡ ክብደት ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ግን ፈጣን መርከብ ነበር። በጨንቻ አካባቢ የዶርዜ ቤት ሠሪ ይህን ዓይነቱን ነገር በሌላ መንገድ ያስበዋል። የቀርከሃው ቤት እግሩን ምስጥ እንደሚበላው ስለሚያውቅ ሲሠራው አስረዝሞ ይሠራዋል፤ የተበላው ከሥር ሲወገድ ቤቱ በየጊዜው ያጥራል እንጂ አይወድቅም፤ ሲያስፈልግም ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት መበላት ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። በመርከቦቹ ላይም መዳቡ ሥራውን የሚሠራው በመበላቱ ነበርና፣ እንደ ጥፋት ብቻ የታየው ነገር አገልግሎቱ ራሱ ነበር።

በ1825 የባሕር ኃይሉ በወደብ ከቆሙት መርከቦች መከላከያው እንዲነሣ አዘዘ፤ ዘዴውም ቀስ በቀስ ተተወ። ጋዜጦችና ባላንጣዎቹ በዴቪ ላይ ተሳለቁ። ቀድሞም ለምስጋና የሚጓጓና ለነቀፌታ የሚከፋ ሰው ነበርና ጉዳቱ በርትቶበታል። በ1826 መጨረሻ ግማሽ ሰውነቱን የሚያሽመደምድ በሽታ መታው፤ በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ዓሣ እያጠመደና እየጻፈ በኤውሮጳ ተንከራተተ። ሜይ 29 ቀን 1829 በጄኔቫ ከተማ በ50 ዓመቱ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ።

በመዳብ ላይ የተተወው ዘዴ ተመልሶ የተነሣው በብረት ላይ ነው። በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በአሲድ አጥቦ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የመንከር የባለቤትነት መብት አወጣ። ዚንክ የሚቀልጠው በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ንክሩ የሚካሄደው በ450 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ብረቱና ዚንኩ በመገናኛቸው ላይ ቅይጥ ይሆናሉ፤ ልባሱም እንደ ቀለም የማይላጠው ስለዚህ ነው። በ1928 አሜሪካዊው ሮበርት ኩን በኒው ኦርሊየንስ ከተማ በመሬት ውስጥ የተቀበረ የጋዝ ቧንቧን በኤሌክትሪክ ኃይል ከዝገት ጠበቀ። በዛሬዎቹ የአረብ ብረት መርከቦች ላይ የዚንክ ጥፍጥፎች ይታሠራሉ፤ ተውሳኩን ግን ለብቻው በተዘጋጀ ቀለም ይከላከሉታል። ዴቪ በአንድ ማዕድን ሊያጣምረው የደከመበት ሥራ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ዘዴውን ከባሕር ወደ ሐይቅና ወደ ምንጭ ውኃ እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። ጨው ያነሰው ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ ባሕር ላይ የሚበቃው ዚንክ በጣፋጭ ውኃ ውስጥ ይደክማል፤ በዚህ ጊዜ ከዚንክ ይልቅ ማግኒዚየም ይመረጣል። ዚንክ ከለበሰ ቧንቧ ጋር የነሐስ መዝጊያ በቀጥታ ሲገጠምም በመጋጠሚያው ላይ የሚሆነው በሄይል ወደብ የታየው ነው። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተመሠረተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ በሆነው በአርባ ምንጩ ተቋም ለሚሠለጥን የውኃ መሐንዲስ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ዴቪ በሞተበት በዚያው በ1829፣ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ የሎንዶን ወደብ መሐንዲስ የብረት ሉህን አሸንትሮ ጣራ የማድረግ የባለቤትነት መብት አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሉሆች ዚንክ አልነበራቸውም፤ ከዝገት የሚጠብቃቸው ቀለም ብቻ ነበር። ሸንተረሩና የሶሬል ልባስ የተገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን አጣምሮ የያዘው ሉህ ዛሬ ከአርባ ምንጭ ቆላ ተነሥቶ ዳገቱን በመኪና ይወጣና፣ በጨንቻ ደጋ ከቀርከሃዎቹ ቤቶች አጠገብ ጣራ ይሆናል።